መውጫ ያጣው አሯሯጭ

ኪፕሮኖ ኦሎምፒክ የገባው መውጫ አጥቶ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሠፈሩ ካፕሳቤት፣ ገበያው ሄዳችሁ ከጎመን ሻጮቹ አንዷን ብትጠይቁ ይህንኑ ትነግራችኋለች፤ ግን ሳቋን እስክትጨርስ መታገሥ አለባችሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር። የዚህ ሰው ሥራ ማሯሯጥ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ትልቅ የስምንት መቶ ሜትር ውድድር ሲኖር ከፊት ይሆንና የመጀመሪያውን ዙር እንደ እብድ ይበራል። ደወሉ ተደውሎ፣ ማዶ ያለው ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ፣ በግራ በኩል ወደ ሣሩ ዘው ይላል። በቃ፣ ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭብጨባ፣ አበባና ካሜራ የኪምንጌቲች ነው። ኪምንጌቲች የሠፈሩ ልጅ፣ አብሮት የተገረዘ፣ በወገኖቹ በናንዲዎች አጠራር ባኩሌው ነው። ናንዲ ወንድሙን እምቢ ሊል ይችላል፤ ባኩሌውን እምቢ ያለ ግን በሠፈሩ ምን ፊት ይዞ ይሄዳል?

ኪምንጌቲች የተወለደው ጠዋት ከብቶች ከበረት ሲወጡ ነው። ኪፕሮኖ ደግሞ ማታ ፍየሎች ሲገቡ። ስማቸውም ይኸው ነው፤ እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በመጣበት ሰዓት ነው። ኪምንጌቲች ደግሞ አፉ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እኔ ቀድሜ ስወጣ አንተ ገና መግባትህ ነው እያለ ሲያበሽቀው ኖሯል። ቀልዱ መም ላይም ተከተላቸው። በየውድድሩ ኪፕሮኖ ወደ ሣሩ ሲወጣ፣ ኪምንጌቲች በአጠገቡ እልም ብሎ እያለፈ «ፍየሎቹ ገቡ!» ብሎ ይጮህለታል። ምስጋናውም ስድቡም እሱ ነው። ኪፕሮኖ ሣሩ ላይ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ ይስቃል።

የኪፕሮኖ እናት እማማ ታፕኪገን ግን አይስቁም። ኪምንጌቲችን፣ እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሸንፎ በመጣ ቁጥር ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጭነው ኤልዶሬት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚሄዱትም፣ ከቅል ሙርሲክ የሚሉትን የኮመጠጠ ወተት በእጃቸው የሚያጠጡትም እሳቸው ናቸው። ቅሉን በፍም ያጥኑታል፣ የነጯን ላም ወተት ይሞሉበታል፣ ክዳኑን ገጥመው አልጋቸው ሥር ያስቀምጡታል። ያንን ማንም አይነካውም። አሸናፊ እሱን ሳይጎነጭ ቤቱ አይገባም፤ ያላሸነፈ ግን ምን ገዶት፣ እንዲሁ ይገባል።

ስለዚህ በየዓመቱ ኪምንጌቲች ከንፈሩ በሙርሲኩ ከሰል ጠቁሮ ፎቶ ሲነሳ፣ ኪፕሮኖ አጥሩ ጥግ ሁለት ሻንጣ ተሸክሞ ይቆማል። አንዱ የራሱ ነው፣ አንዱ የባኩሌው። አይቀናም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይቀና ነበር። ላሚቱ የእናቱ፣ ቅሉ የእናቱ፣ እጁ የእናቱ፤ እሱ ግን ከዚያች ቅል አንድ ጉንጭ አያውቅም። ቤት ውስጥ ሙርሲክ በየቀኑ ይጠጣል፤ ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ለማንም ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ናይሮቢ ላይ የሀገር ማጣሪያው ደረሰ። ለኦሎምፒክ ሦስት ሰው ይመረጣል። ኪፕሮኖ እዚያም የተሰለፈው ባኩሌውን ለማሯሯጥ ነበር፤ መመረጥ በሕልሙም አልመጣለትም። እንደ ልማዱ ከፊት ሆኖ በረረ። ደወሉ ተደወለ፣ ማዶው ቀጥታ አለቀ፣ ወደ ግራ ሊወጣ ዘንበል ቢል፣ ወይ ጉድ፣ መውጫ የለም። የሚቀጥለው የመሰናክል ሩጫ ስለነበር፣ አስተናባሪዎቹ ቸኩለው እነዚያን ከባድ መሰናክሎች በሣሩ ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደርድረዋቸዋል። ልውጣ ቢል ቅልጥሙ መሰበሩ ነው። ትንሽ ልሂድና ክፍተት ሳገኝ እወጣለሁ አለ በልቡ። ኩርባው ላይም ተደርድሯል። ክፍተት ሲፈልግ፣ ክፍተት ሲፈልግ፣ ሳያስበው የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ሦስተኛ ወጣ።

ስታዲየሙ በሳቅ ተናጋ። በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ፣ አሯሯጭን ጥንቸል ነው የሚሉት፣ ጥንቸሏ መውጫ አጥታ ኦሎምፒክ ገባች ብሎ ለሕዝቡ አወጀ። ኪምንጌቲች አንደኛ መውጣቱን ረስቶ መሙ ላይ ተኝቶ ይስቃል። ኪፕሮኖ ራሱ አስተናባሪዎቹን እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅ ነበር።

ካፕሳቤት ሲመለሱ ቀልዱ ቀድሟቸው ደርሷል። የሻይ ለቃሚዎቹ መኪና ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ ከላይ ሆነው «ኪፕሮኖ፣ በሩ በየት ነው?» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። የእናቱ ቤት ግን ሳቅ አልነበረም። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ኪምንጌቲች ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ እማማ ታፕኪገን ልጃቸውን ፊት ለፊት ይዘው ጠየቁት።

«ለመሆኑ የምትሄደው ልትሮጥ ነው ልታሯሩጥ?»

«እማ፣ አሰልጣኝ ቱዌይ የመጀመሪያውን ዙር አፍጥነው ብለውኛል። አልጄሪያዊው መጨረሻ ላይ አደገኛ ስለሆነ፣ ቀድሞ እንዲደክም ነው።»

«ስለ ቱዌይ አልጠየቅኩህም።»

ኪፕሮኖ አቀረቀረ። እናቱ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አንዲት ቅል አወረዱ። አንገተ ረጅም ናት፣ በዶቃ ያጌጠች።

«እንግዲያው ስሙኝ፣ ሁለታችሁም» አሉ። «የምሞላው ይህችን ብቻ ነው። ከሁለታችሁ ቀድሞ ለገባው።»

«እማ፣ የኔ ነዋ» አለ ኪምንጌቲች ከደጅ፣ ሻዩን ሳያስቀምጥ።

«እሱን እኔም አላውቅ፣ ላሚቱም አታውቅ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ኪፕሮኖ ይህችን ነገር ይዞ ሄደ። አውሮፕላን ላይም አብራው ነበረች፣ በአትሌቶቹ መንደርም፣ ከቤት በመጣ የበቆሎ ዱቄት የተሠራውን የኡጋሊ ገንፎ ሲበሉም። መጀመሪያ ማጣሪያውንና ግማሽ ፍጻሜውን ከኋላ ሆኖ ሮጦ አለፈ። ከኋላ ሲሆን እግሩ አያስቸግረውም፤ የሚያታልለው ከፊት ሲሆን ነው። በፍጻሜው ደግሞ ከፊት እንዲሆን ታዟል። አሰልጣኝ ቱዌይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠዋት ጠርተውት፣ ልጄ፣ አንተ የምታውቀውን ሥራ ብቻ ሥራ፣ ሌላውን ለእግዜር ተወው አሉት። እሺ አለ። እምቢ ማለት ማን አስተምሮት።

ፍጻሜው ሊጀመር ሲሰለፉ ኪምንጌቲች በሁለት ሰው አልፎ አየውና ጠቀሰው። ሽጉጡ ተተኮሰ፤ ኪፕሮኖ ተስፈንጥሮ ከፊት ሆነ። እንዲህ ያለ ስታዲየም፣ እንዲህ ያለ ጩኸት አይቶ አያውቅም፤ ሆኖም ጭንቅላቱ ጸጥ አለለት። ከኋላው የሚመጣውን የኪምንጌቲችን እርምጃ በድምፁ ያውቀዋል። የአልጄሪያዊው ረጅም እርምጃ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብላ ትሰማዋለች። ደወሉ ሲደወል ሕዝቡ ብድግ አለ፤ ሩጫው እሳት ሆኖ ነበር።

ማዶው ቀጥታ መጣ። ማዶው ቀጥታ አለቀ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባል የለ? የኪፕሮኖ ግራ እግር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጌታውን ሳያማክር፣ ወደ ሣሩ ዘነበለ። ዛሬ መሰናክል አልተደረደረም። ሣሩ ክፍት ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ና ዕረፍ ይላል። ጫማው ነጩን ጠርዝ ሊረግጥ ለጥቂት ሲቀረው፣ ምን እያደረግሁ ነው ብሎ ደነገጠና ራሱን መለሰ። በዚህ መሐል ግን ፍጥነቱ ተሰበረ። አልጄሪያዊው አለፈው። ቀጥሎ ኪምንጌቲች አለፈው፤ ሲያልፈውም፣ የኪፕሮኖ እግር ጌታውን እንዳላማከረ ሁሉ የእሱም አፍ ጌታውን አላማከረም፤ ከዓመታት ልማድ የተነሣ እንዲህ ጮኸ፦

«ፍየሎቹ ገቡ!»

ኪፕሮኖ ይህን ሲሰማ ውስጡ አንድ ነገር ፈነዳ። ሳቅ ነው እንዳይባል ንዴት አለበት፤ ንዴት ነው እንዳይባል ሊስቅ ምንም አልቀረው። የት ገቡ? ፍየል ገባ የሚባለው ቤት ሲደርስ ነው። ይህ ደግሞ ቤት አይደለም፣ ገና ኩርባው ነው። ቤቱ ያለው ወዲያ ነው፤ ቅሏ ያለችበት፣ እናቱ ያሉበት። አልገባንም አለ በልቡ። ገና ነን። እግሬ አውጪኝ አለ።

ከኩርባው ሲወጡ የመጨረሻዋ ቀጥታ ፊቱ ተዘረጋች። ይህችን ቀጥታ ለዓመታት ሣር ላይ ቆሞ ነው የሚያውቃት፣ በኪምንጌቲች ጀርባ። ያንን ጀርባ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ኪምንጌቲች ጉልበት ሲኖረው ትከሻው ልስልስ ይላል፤ ጉልበቱ ሊያልቅ ሲል ግን የቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ሣር ላይ ቆሞ ያንን ትከሻ ባየ ቁጥር፣ አይዞህ ጥቂት ቀረህ እያለ ብቻውን ይጮህ ነበር። አልጄሪያዊው ቀድሞ ደከመ፤ ኪፕሮኖ አለፈው። ኪምንጌቲች መራ። ከዚያ የቀኝ ትከሻው ወደ ላይ ወጣ።

ኪፕሮኖ ያንን ሲያይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘነለት። ግን አልቆመለትም። ደረቱን ወረወረ፤ መስመሩን ሲያልፉ እኩል ነበሩ፤ ማን እንደቀደመ ማንም አላወቀም። ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትልቁን ሰሌዳ ያያሉ። ሰሌዳው ቆየ፣ ቆየና ስም አወጣ። ላይ ኪፕሮኖ፣ ከሥሩ ኪምንጌቲች።

በዚያች ሰዓት ካፕሳቤት የሆነውን ኪፕሮኖ የሰማው ኋላ ነው። ሠፈሩ በሙሉ የሮቲች ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ታጭቋል። የኪፕሮኖ እግር ወደ ሣሩ ሲዘነብል እማማ ታፕኪገን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ አትውጣ ብዬህ አልነበረም ብለው በምርኩዛቸው ቴሌቪዥኑን አንድ ጊዜ ዠለጡት። መስታወቱ ከዳር ተሰነጠቀ። ልጁም በዚያው ቅጽበት ከጠርዙ ተመለሰ። እንግዲህ እግሩን የመለሰው ምርኩዙ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። ሮቲች ቴሌቪዥኑን አላስጠገነም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስንጥቁን በጣቱ ያሳያል።

ወደ ስታዲየሙ እንመለስ። ኪምንጌቲች መሙ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ኪፕሮኖ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጠው።

«በገዛ አፌ» አለ ኪምንጌቲች፣ ሰማዩን እያየ። «ዝም ብዬ ብሮጥ ምን ነበረበት።»

እጁን ይዞ ተነሣ፤ አቀፈውም። ለካሜራውም ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ግን አፉ የማያርፈው ሰው ዝም አለ። በነጋታው ዝም፣ ከዚያም በነጋታው ዝም። ሲያናግሩት ይመልሳል፤ ግን አይቀልድም። ኪምንጌቲች ካልቀለደ ደግሞ ታሟል ማለት ነው። አውሮፕላን ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የተኛ መሰለ። ኪፕሮኖ አጠገቡ ተቀምጦ፣ አለመተኛቱን በትንፋሹ እያወቀ፣ ወርቁን ኪሱ ውስጥ ያገላብጣል። ደስ ብሎታል፤ እንዴት ደስ አይለው። ነገር ግን ያለ ባኩሌ የመጣ ወርቅ ምን ያደርግልኛል እያለ ሲብሰለሰል፣ ሳይተኛ ናይሮቢ ደረሱ፣ ከናይሮቢም ኤልዶሬት።

ኤልዶሬት አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ እየዘፈኑ እየዘለሉ፣ ወንዶቹ የሲኔንዴት ሐረግ ለአሸናፊው አንገት ይዘው፣ ተማሪዎቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው። ኪፕሮኖ ከሻንጣ መቀበያው የወጣው፣ እንደ ልማዱ፣ ሁለት ሻንጣ ተሸክሞ ነው። የራሱንና የኪምንጌቲችን። እንዲያ ማድረጉን እንኳ ልብ አላለም። ከሕዝቡ ፊት እናቱን አየ። አዲሱን ሻሻቸውን አስረዋል፤ ባለ ዶቃዋን ቅል በሁለት እጃቸው ይዘው ይመጣሉ።

ቅሏ ስትመጣ ሲያይ የኪፕሮኖ እግር ያንኑ ሠራ። ወደ ግራ ዘንበል አለና፣ መንገዱን ለኪምንጌቲች ለቆ፣ አጥሩ ጥግ ሄዶ ቆመ፤ ሁለቱን ሻንጣ ይዞ፣ በየዓመቱ የሚቆምባት ቦታ ላይ። ዘፈኑ ቀስ እያለ ተቋረጠ። እማማ ታፕኪገን ቅሏን እንደያዙ ኪምንጌቲች ፊት ደረሱና ቆሙ። ኪምንጌቲች ወደ ቀኝ አየ፣ ሰው የለም። ወደ ግራ ሲያይ ባኩሌውን አጥሩ ሥር አገኘው፤ አንገቱ ላይ ወርቁ ተንጠልጥሏል፣ ትከሻው ላይ ሻንጣዎቹ።

ኪምንጌቲች ሳቀ። ከዚያ ሩጫ ወዲህ የሳቃት የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት፤ ሆዱን ይዞ፣ ተጣጥፎ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እየሳቀ ወደ አጥሩ ሄደና ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ከኪፕሮኖ ትከሻ አወረደ።

«እዚህም መሰናክል ይደርደርልህ እንዴ?» አለው። «ሂድ፣ እናትህ ቆመዋል።»

«አኩርፈኸኝ ነበር» አለ ኪፕሮኖ።

«አዎ፣ አኩርፌ ነበር። አሁን ሻንጣ ይዣለሁ፤ ሻንጣ የያዘ ሰው አያኮርፍም፤ ይህን ካንተ ነው ያየሁት።»

ከኋላ በመዳፉ ገፋው። ኪፕሮኖ እነዚያን ጥቂት እርምጃዎች እንዴት እንደሄዳቸው አያውቅም። እናቱ ቀና ብለው አዩት፤ እሱ ረጅም ነው፣ እሳቸው አጭር ናቸው።

«ጎንበስ በል እንጂ» አሉት። «አሯሩጠህ አሯሩጠህ መምጣትህ ነው?»

ሮጬ ነው አላቸው። ጎንበስ አለ። የቅሏን አፍ ከንፈሩ ላይ አደረጉለት። ሙርሲኩ ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ የፍም ሽታ አለው። ቤቱ በየቀኑ የሚጠጣው ያው ሙርሲክ ነው፤ ሆኖም እንደዚያ ያለ ቀምሶ አያውቅም። እየጠጣ አለቀሰ፤ እናቱም በሻሻቸው ጫፍ፣ ከንፈሩን ትተው ዓይኑን ጠረጉለት። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ሴቶቹ ዘፈኑን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አንድ ሽማግሌም ሐረጉን አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

«እማ» አለ ኪምንጌቲች ከኋላ፣ በሁለቱ ሻንጣዎች መሐል ሆኖ። «ለሻንጣ ያዥ አይተርፍም?»

«አንተ እስከ ዛሬ የጠጣኸው ገና ሆድህ ውስጥ ነው» አሉት እማማ ታፕኪገን። ይህን እያሉ ግን ቅሏን ወደ እሱ አዘንብለው ነበር፤ እናት ናቸው። ኪምንጌቲች ሻንጣዎቹን ሳያስቀምጥ አንገቱን ብቻ አስግጎ የቀረውን ጨለጠ። ከዚያ ከንፈሩ በከሰል እንደ ጠቆረ ቀና አለና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አገሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ ፍየሎቹ ገቡ ብሎ አወጀ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኪፕሮኖም በእንባው መሐል ሳቀና፣ አዎ፣ አሁን ገቡ አለ። እናቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ ማታቱው ሲሄድ ኪምንጌቲች ሁለቱን ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላቸው ነበር።